የትውልድ ስላይድ

የአመራር ሥልጠና የወሰደ ሁሉ ሠራተኛን በትውልድ የሚከፋፍለውን ስላይድ ያውቀዋል፦ ቤቢ ቡመር ለመሥሪያ ቤቱ ታማኝ፣ ሚሌኒያል ሙገሳ ፈላጊ፣ ጄን ዚ ቶሎ ለቃቂ። አሠልጣኙ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጉዳቱ ቢሮ ውስጥ ይቀራል። ሃምሳን ያለፉት የሒሳብ ባለሙያ ከአዲሱ ሶፍትዌር ሥልጠና ስማቸው ይሰረዛል፤ ወጣቷ ኦዲተር «እሷ እንደሆነች አትቆይም» ተብላ ከባዱ ሥራ ያልፋታል።

ጥናቱ ሌላ ይላል። ዴቪድ ኮስታንዛና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 የ20 ጥናቶችን ውጤት በአንድነት ሲመረምሩ፣ በሥራ እርካታ፣ ለድርጅት ባለ ታማኝነትና ሥራ በመልቀቅ ፍላጎት ረገድ በትውልዶች መካከል ያገኙት ልዩነት ከመካከለኛ እስከ ትንሽ፣ በብዙ ቦታም ከዜሮ የማይርቅ ነበር። በ2020 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ያቋቋሙት የባለሙያዎች ቡድን ሠራተኛን በትውልድ ስያሜ ማስተዳደር በቂ ማስረጃ እንደሌለው ደመደመ። ከዚህም ወዲያ ስላይዱን ይዞ የሚዞር አሠልጣኝ ወይ አላነበበም፣ ወይ ገበያው ደርቶለታል።

ኢትዮጵያ ውስጥማ ነገሩ ይብሳል። ቤቢ ቡመር የሚባለው ከ1946 እስከ 1964 አሜሪካ ውስጥ የተወለደው ነው። ዛሬ ጡረታ የተቃረቡት የአዲስ አበባ ባለሙያ ወጣትነታቸው ያለፈው በደርግ ዘመን፣ በብሔራዊ ውትድርና ሥጋት ነው። ምን አገናኛቸው?

ዘመን ሰውን ይቀርጻል መባሉ መሠረት አለው፤ ሶሺዮሎጂስቱ ካርል ማንሃይም በ1928 ያነሳው ይህንኑ ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ዓመት የተወለዱ የሩቅ ገጠር ገበሬና የከተማ ወጣት አንድ ትውልድ አድርጎ አልቆጠራቸውም። የ24 ዓመት ሠራተኛ ሥራ የሚቀያይረው በዕድሜው ነው፣ በኪራይ ንረት ወይስ በትውልዱ? ይህን ለይቶ መለካት ተመራማሪዎችን ዛሬም ያከራክራል።

ስለ ዕድሜ የሚባሉት ሌሎቹ ተረቶች በአጭሩ ያልቃሉ። «ወጣት ሁሉ ቴክኖሎጂ ያውቃል»፦ ቲክቶክ ላይ የፈጠነ ጣት ኤክሴል ላይ ሊደናቀፍ ይችላል። «አዲስ ነገር ከወጣት ነው»፦ ፒየር አዙሌና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በፍጥነት ያደጉ ጀማሪ ኩባንያዎችን ሲመረምሩ የመሥራቾቹ አማካይ ዕድሜ 45 ሆኖ ተገኘ።

«አንጋፋው ቢሄድ ሰነዱ አለ» የሚለው ግን ብዙ ያስከፍላል። በሚያዝያ 2020 በኮሮና ሥራ ያጡ አሜሪካውያን የድጎማ ማመልከቻ የመንግሥትን አሮጌ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲያጥለቀልቀው፣ የኒው ጀርሲ ገዥ ፊል መርፊ ሥርዓቱ የተሠራበትንና በ1959 ብቅ ያለውን የኮቦል የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞችን በአደባባይ ለመኑ። ወጣት ፕሮግራመር ሞልቶ ነበር፤ ከአንጋፋዎቹ ጎን አስቀምጦ ያስተማረው መሥሪያ ቤት ግን ጥቂት ነው።