ስለ ክብ ነገር አለካክ፤ በተለይም ስለ ጎተራና ስለ እህል ጉድጓድ ይዘት

የገጠሩን ቤትና የእህል ማኖሪያ ለመመርመር የሚወጣ ተማሪ ቶሎ የሚያጋጥመው ችግር የሚለካው ነገር አብዛኛው ክብ መሆኑ ነው። አራት ማዕዘን የሆነ ክፍል ርዝመቱና ወርዱ ተለክቶ ሲባዛ ስፋቱ ይገኛል፤ ክብ የሆነው ግን ጥግ ስለሌለው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚለካ ያሳስባል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ በጥናት ጽሑፍ ላይ «አንድ ትልቅ ጎተራ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል። ትልቅ ማለት አሥር ኩንታል ይሁን ሠላሳ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም።

ለክብ ነገር የሚመቸው መለኪያ ገመድ ነው። እህል የሞላው ጎተራ መካከሉ አይደረስበትም፤ ዙሪያው ግን በገመድ ይያዛል። እንግዲህ ስፋትን ከዙሪያ የማውጣቱ ዘዴ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱንም ለመረዳት አንድ ሰፌድ አስተውሎ መመልከት ይበቃል። ሰፌድ ከእምብርቱ ተጀምሮ ዙር በዙር እየተጠቀለለ የሚሰፋ ነው። ይህ ሰፌድ ከእምብርቱ እስከ ዳሩ በአንድ ወገን ተቆርጦ እያንዳንዱ ዙር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል ብለን እናስብ። የዳሩ ዙር ከሁሉ የረዘመ ይሆናል፤ ወደ እምብርቱ የቀረበው እያጠረ ይሄዳል፤ ሁሉም በተራ ሲደረደር ሦስት ማዕዘን ይሠራል። የሦስት ማዕዘኑ መሠረት የሰፌዱ ዙሪያ ነው፤ ቁመቱም ከእምብርት እስከ ዳር ያለው ርቀት ነው። የሦስት ማዕዘን ስፋት የመሠረቱና የቁመቱ ብዜት እኩሌታ ስለ ሆነ፥ የክብም ስፋት ዙሪያው ከእምብርት እስከ ዳር ባለው ርቀት ተባዝቶ ለሁለት ሲከፈል የሚገኘው ነው።

ይህን ነገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው አርኪሜዴስ በጥብቅ ማስረጃ አረጋግጦታል። ዙሪያው በመካከል ከዳር እስከ ዳር ካለው ወርድ ጋር ሲነጻጸር፥ ከ3 ከ10/71 የሚበልጥ ከ3 ከ1/7 ደግሞ የሚያንስ መሆኑን ያሳየ እርሱ ነው። ይኸውም ፓይ የምንለው፥ 3.1416 ያህል የሆነው ቁጥር ነው። ሁለቱን ሐሳቦች ብናገናኛቸው ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ ለአራት እጥፍ ፓይ፥ ማለት ለ12.57 ሲከፈል ስፋቱ ይወጣል። የጥንት ባቢሎን ጸሐፊዎች በ12.57 ፈንታ ለ12 ይከፍሉ ነበር፤ በዚህ የሚመጣው ስሕተት ከመቶ አምስት አይሞላም።

ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ገመድ ሲዞርበት ዙሪያው 5.50 ሜትር የሆነ፥ ግድግዳው ቀጥ ያለና እህሉ 1.60 ሜትር ከፍታ የደረሰ ጎተራ አለ እንበል። ይህን ዙሪያ ይዘን ብናሰላ ስፋቱ 2.41 ካሬ ሜትር፥ ይዘቱ 3.85 ሜትር ኩብ ይሆናል። ነገር ግን ገመዱ የዞረው በውጭ ነው። ጎተራ ከጭራሮ ተሠርቶ በጭቃ የሚለሰን ስለ ሆነ ግድግዳው ውፍረት አለው፤ ውፍረቱም 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የውስጡ ዙሪያ ወደ 5 ሜትር ዝቅ ይላል። (የግድግዳው ውፍረት ይህ እስከ ሆነ ድረስ ጎተራው ቢተልቅም ቢያንስም ከዙሪያው የሚቀነሰው ያው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ በትንሹ ጎተራ ይብሳል።) በውስጡ ዙሪያ ሲሰላ ስፋቱ 1.99 ካሬ ሜትር፥ ይዘቱም 3.18 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ዙሪያው በራሱ የሚባዛ ስለ ሆነ ከመቶ አሥር የነበረው ልዩነት ከመቶ ሃያ አንድ ሆነ። አንድ ሜትር ኩብ ስንዴ 750 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን በሌለ እህል አምስት ኩንታል ጽፈናል ማለት ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ቢታሰብ አምስት ኩንታል ሦስት ሰው ለአንድ ዓመት ሊያደርስ ጥቂት የሚቀረው ነው። በችግር ዘመን የቤተ ሰብን ስንቅ ለመገመት ለተላከ ሰው ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም።

ውስጥንና ውጭን የመለየቱ ነገር አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 የተነገረው የሰሎሞን የናስ ኩሬ ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፥ ዙሪያው 30 ክንድ፥ ቁመቱ 5 ክንድ ነው። በፓይ ከሄድን ዙሪያው ከ31 ክንድ ማለፍ ነበረበት። የኩሬው ውፍረት አንድ ጋት መሆኑ እዚያው ስለ ተጻፈ፥ ወርዱ በውጭ ዙሪያው በውስጥ ተለክቶ ይሆናል ያሉ ሊቃውንት አሉ፤ ስድስት ጋት አንድ ክንድ ቢባል በእርግጥ የውስጡ ዙሪያ 30 ክንድ ከሲሶ ገደማ ይመጣል። እኔ ግን ጸሐፊው ቁጥሩን አጠጋግቶ እንደ ጻፈው ማሰቡን እመርጣለሁ። ይዘቱ በነገሥት 2000 ባዶስ፥ በዜና መዋዕል 3000 ባዶስ ተብሏል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ዕቃና የድቡልቡል እኩሌታ የሆነ ዕቃ በአፍም በጥልቀትም እኩል ቢሆኑ ይዘታቸው እንደ 3 ለ2 ነውና፥ ይህ መገጣጠም ያስደንቃል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

በሐረርጌ በሰፊው የሚታወቀው የእህል ጉድጓድ የበለጠ ያስቸግራል፤ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ነውና። ለዚህ የሚረዳው ኬፕለር በ1615 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ስለ ወይን በርሜል ካሳተመው መጽሐፍ ጋር ስሙ የተያያዘው ደንብ ነው፦ የአፉን ስፋት፥ የመካከሉን ስፋት አራት እጥፍ፥ የግርጌውንም ስፋት ደምሮ ለስድስት መክፈልና በጥልቀቱ ማባዛት። ጥልቀቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ በአፉ 0.60፥ በመካከሉ 1.40፥ በግርጌው 1.20 ሜትር የሆነ ጉድጓድ በዚህ ደንብ 2.52 ሜትር ኩብ ይይዛል። የአፉንና የግርጌውን ወርድ ብቻ አማካኝቶ የሚያሰላ ግን 1.27 ያገኛል፤ ግማሹ ማለት ነው። ደንቡ ለሾጣጣም ለድቡልቡልም ሳይሳሳት ይሠራል፤ ሆዱ ለተነፋ ጎተራና ለጋንም ያገለግላል።

ለመለካት ወደ ውስጥ የሚወርድ ሰው ጉድጓዱ እንደ ተከፈተ አይግባ፤ ታፍኖ የቆየው አየር ይገድላል። በማስታወሻው ላይም የመጨረሻው የኩንታል ቁጥር ብቻውን አይጻፍ፤ ገመዱ በውጭ ወይም በውስጥ መዞሩ፥ የግድግዳው ውፍረት፥ እህሉ የደረሰበት ከፍታና ከየትኛው ቦታ ላይ ወርዱ እንደ ተወሰደ አብሮ ይመዝገብ፤ ኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ስሌቱን እንደ ገና ሊሠራው ይችላልና።