የተራራ አየር ንጹህ ነው ያለው ማነው?

«ጭንቅላቴን ላናፍስ» ብሎ እንጦጦ የወጣ ሁሉ የባሕር ዛፉ ሽታ ሲያውደው «አየር ማለት ይኼ ነው!» ይላል። አስም ያለበት አንድ ጓደኛዬ ግን በቀደም «ሽታ ካለው ምኑን ንጹህ ሆነ?» ብሎ አፋጠጠኝ። እንደ ቀልድ የተወረወረች ጥያቄ ናት… ግን ፍሬ አላት።

እውነቱን ልንገራችሁ! የዛፉ ሽታም የቤንዚን ሽታም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በቀላሉ የሚተኑ የካርቦን ውህዶች ናቸው። የዓለም ዕፅዋት አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ ብቻ በዓመት 500 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይለቃሉ፤ ባሕር ዛፍም ብዙ ከሚለቁት አንዱ ነው። አሜሪካ ያሉት ግሬት ስሞኪ ተራሮች ስማቸውን ያገኙት ጢስ ከሚመስለው ሰማያዊ ጭጋጋቸው ነው። ፍሪትስ ዌንት የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1960 እንዲህ ያለው ጭጋግ ከዕፅዋት ትነት እንደሚመጣ ጻፈ።

ለመሆኑ የዛፉና የመኪናው በምን ይለያል? ተመራማሪዎች ተራራ ላይ ወጥተው አየሩን ውስጡ ባዶ በተደረገ የብረት ዕቃ ይቀዱታል። ከዚያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ በተባለ መሣሪያ አንድ በአንድ ይለዩታል። አይሶፕሪን ከበዛ ዛፉ ነው፤ ቤንዝንና ቶሉይን ከበዙ በአብዛኛው መኪናው ነው። ሰዓቱም ይናገራል። የዛፉ አይሶፕሪን በፀሐይ ይጨምራል፣ ማታ ይቆማል፤ አየር ላይም ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም። ቤንዝን ግን ለቀናት ይቆያል። ቀን ተዳፋቱ በፀሐይ ሲሞቅ ነፋሱ ሽቅብ ስለሚነፍስ፣ ከሥር ያለውን የከተማ ጭስ ይዞ ይወጣል። ሸሸነው ያልነው ከተማ ከሰዓት በኋላ ይከተለናል ማለት ነው!

ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የዛፉ ትነት ከመኪናው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ፀሐይ ሲመታው ኦዞን ይፈጠራል። ኦዞን ከሰማይ ሲሆን ይጠብቀናል፤ አፍንጫችን ሥር ሲሆን ግን ሳንባ ያስቆጣል። አስም ላለበት ደግሞ ይብሳል።

ታዲያ ዛፉ ይቆረጥ? በፍጹም! የመኪናው ጭስ ሲቀንስ ኦዞኑም ይቀንሳል።

ለጓደኛዬ የመከርኩትን ለእናንተም ልድገመው። ሩጫውም ሽርሽሩም በጠዋት ይሁን። ከአስፋልቱ ራቅ በሉ። ሞተር አስነስታችሁ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ «ተፈጥሮን» አታድንቁ። አስም ያለባችሁ በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ከኪሳችሁ አትለዩ፤ ደረት ካፈነ ሐኪም ዘንድ ነው። ፍቅረኛውን ይዞ የሚወጣም ቢሆን… ጠዋት ይሻለዋል!