ደም ያልታየበት የጭንቅላት ምት



በሳውዝ ሲ ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበት መሬት መረሬ ነው። በዝናብ ጊዜ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ካምፕ ያላችሁትም ብትሆኑ ሜዳችሁ ሣር የለበሰ አይደለም። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ዘልለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ሲጋጩ፣ ሁላችንም ቶሎ ብለን የምናየው ደም መኖር አለመኖሩን ነው። ደም ከሌለ «ተነሥ፣ ምንም አልሆንክም» ይባላል፤ ውኃ ይረጭበትና ጨዋታው ይቀጥላል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ «ምንም» ስለተባለው ነገር ነው።

አንጎላችን በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ወይም በኃይል ሲወዛወዝ አንጎሉ አብሮ ይናወጣል። ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፤ ሕዋሳቱም ሥራቸው ስለሚዛባ ለመጠገን ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ። ይህ የአንጎል መናወጥ ይባላል። ተመቺው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይስትም። ጉዳቱ በራጅም አይታይም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ጩኸት መጥላት፣ መርሳት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ነው። አንዳንዱ ምልክት ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ይመጣል። ትናንት የሚያውቀው ማባዛት ዛሬ የጠፋበትን፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የከበደውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ቅዳሜ ሜዳ ላይ ምን እንደደረሰበት ብንጠይቀው ይበጃል።

ደግነቱ አብዛኛው ሰው ዕረፍት ካገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ልጆች ግን ከአዋቂ ዘግየት ይላሉ። ትልቁ አደጋ ያለው አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ምት ሲጨመርበት ነው። ተጫዋቹ ራሱ ደግሞ «ደህና ነኝ» ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ለኬንያ በቦክስ ወርቅ ያመጣውን ሮበርት ዋንጊላን ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ያስታውሱታል። በሐምሌ 1994 በላስ ቬጋስ ሲጋጠም ዳኛው በ9ኛው ዙር ውድድሩን አቆመበት፤ እርሱ ግን ለምን አቆምከኝ ብሎ ተቃወመ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ራሱን ሳተ፤ ሁለት ቀን ሳይሞላውም ሞተ። ዕድሜው 26 ነበር።

የዋንጊላ ጉዳት ወዲያው የገደለ ነው። ሌላው ግን ዓመታት ጠብቆ የሚመጣ ነው። የቦክሰኞች አንጎል በምት ብዛት እንደሚጎዳ አሜሪካዊው ሐኪም ማርትላንድ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። የሌላው ስፖርት ነገር ግን ሲድበሰበስ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2002 በፒትስበርግ ከተማ በ50 ዓመቱ የሞተውን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ማይክ ዌብስተርን አንጎል የመረመረው ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነበር። (ኦማሉ በ1968 በቢያፍራ ጦርነት መካከል፣ ቤተሰቡ ከቀዬው ተፈናቅሎ ሳለ የተወለደ ሰው ነው። ልጆች፣ ይህን ልብ በሉልኝ!) በአንጎሉ ውስጥ ታው የሚባል ፕሮቲን ባልተለመደ መልክ ተከማችቶ አገኘ። በሽታው ዛሬ በአጭሩ ሲቲኢ ይባላል። መርሳት፣ የጠባይ መለወጥና ኋላም የአእምሮ መድከም ያመጣል፤ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ከሞት በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው። ከአንድ ምት ሳይሆን ለዓመታት ከተደጋገሙ ምቶች ጋር የተያያዘ ነው፤ ምንም ምልክት ያላሳዩትም ምቶች ይቆጠራሉ።

እኛ የምንጫወተው እግር ኳስስ? በቴስታ ጎል በማግባት የታወቀው የእንግሊዙ ጄፍ አስትል በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት፣ መርማሪው ዳኛ ሞቱን የሥራ ላይ በሽታ ነው አሉት፤ ኳሱን ደጋግሞ በጭንቅላቱ ከመምታቱ የመጣ ማለት ነው። በ2014 አንጎሉ እንደገና ሲመረመር ሲቲኢ ተገኘበት። በ2019 በግላስጎው የወጣው ጥናት 7,676 የስኮትላንድ የቀድሞ ተጫዋቾችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ፣ በአንጎል መድከም በሽታ የመሞት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል መሆኑን አሳየ። ቀጥሎ በ2021 የወጣው ደግሞ ከሁሉ የባሰው በተከላካዮች ላይ መሆኑን፣ በበረኞች ላይ ግን ጎልቶ አለመታየቱን ገለጸ። በረኛ በቴስታ አይመታማ። የዛሬ ኳስ ቀላል ነው የሚሉ አሉ፤ የዱሮው ቆዳ ኳስ ውኃ ሲጠጣ ይከብድ ነበር እንጂ የዛሬውም ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል።

ወላጆች፣ ይህን አንብባችሁ ኳሱን እንዳትደብቁባቸው። ያው የ2019 ጥናት ተጫዋቾቹ በልብ በሽታ የሚሞቱት ከሌላው ሰው ያነሱ መሆናቸውንም አሳይቷል። ለትንንሾቹ ግን ቴስታ ማለማመድን መተው ይቻላል፤ እንግሊዝና ስኮትላንድ በ2020 ለአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ልጆች ልምምዱን አስቀርተዋል።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ይውጣ፤ በዚያ ቀን አይመለስ። «ስምህ ማነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ስሙን ማን ይረሳል? «ስንተኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ?» በሉት። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የተመታው ጀርመናዊው ክራመር ዳኛውን «ይህ የፍጻሜው ጨዋታ ነውን?» ብሎ ጠይቆታል። አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት ይሰጠው፤ ከዚያ በዝግታ እግሩን ያፍታታ፤ ትምህርቱም ጥቂት በጥቂት ይሁን። ብሪታንያ በ2023 ያወጣችው መመሪያ ከ21 ቀን በፊት ወደ ውድድር አይመለስ ይላል።

ደጋግሞ ካስታወከው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እጅ እግሩ ከሰነፈ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ካምፕ ያላችሁ ወደ ክሊኒኩ፣ ሳውዝ ሲ ያላችሁ ወደ ምባጋቲ ወይም ወደ ኬንያታ ሆስፒታል ውሰዱት። ስዋሂሊ ወይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ በስንት ሰዓት እንደተመታና ራሱን ስቶ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።