የቀድሞው መሥሪያ ቤት ምስጢርና የአዲሱ ቃለ መጠይቅ

ወጣቱ የኮምፒዩተር ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ የግል ባንክ ሦስት ዓመት ሠርቷል። የደንበኞችን ሒሳብ የሚያስተናግደውን ፕሮግራም ከሚጽፉት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። የተሻለ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራው፣ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ «እስኪ የሠራኸውን አሳየን» አሉት። የሚያሳየው አልነበረውም። የጻፈው ሁሉ እዚያው ባንኩ ውስጥ ቀርቷል። ማታ ቤት ሲገባ እናቱ፣ «ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እያመሸህ የሠራኸው የት ሄዶ ነው ባዶ እጅህን የቀረብከው?» አሉት። መልስ አጣ።

ውድ አንባቢያን፣ የእናትየው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አናጢ የሠራውን ቁም ሣጥን፣ ግንበኛ ያቆመውን ቤት በጣቱ ያሳያል። የፕሮግራመር ሥራ ግን ከቀጣሪው ግቢ አይወጣም። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ተርታ ያሰልፈዋል፤ ሠራተኛው በቅጥር ላይ ሳለ ያመነጨው ሥራም፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የቀጣሪው ይሆናል። ስለዚህ «እኔ ጻፍኩት» ማለትና «የእኔ ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። ኮዱን በፍላሽ ገልብጦ ይዞ መውጣት፣ ማንም ባያይም፣ አማናን መብላት ነው።

ነገሩ የት ድረስ እንደሚያደርስ ለማየት የአንቶኒ ሌቫንዶውስኪን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ይህ ሰው በጎግል ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ከሚሠሩት ስመ ጥር መሐንዲሶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሥራውን ለቆ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኡበርም በዚያው ዓመት ኩባንያውን ገዛው። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም። የካሊፎርኒያ ሕግ ሠራተኛ ለተፎካካሪ እንዳይሠራ የሚያግድ ውልን አይቀበልም። ችግሩ ሌላ ነበር። ከመልቀቁ ከሳምንታት በፊት ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ ፋይሎችን ወደ ላፕቶፑ ገልብጧል ሲል የጎግል እህት ኩባንያ ዌይሞ በ2017 ኡበርን ከሰሰ። ኡበር በ2018 በግምት 245 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሰጥቶ ታረቀ። ሰውየው ራሱ በ2020 በንግድ ምስጢር ስርቆት ጥፋተኝነቱን አምኖ 18 ወር እስራት ተፈረደበት፤ እስር ቤት ሳይገባ በጥር 2021 የፕሬዚዳንት ምሕረት ደረሰው። ይህን የመሰለ እውቀት በጭንቅላቱ ይዞ ሳለ ፋይል መገልበጥ ምን አስፈለገው? በሕግም ቢሆን አንድ ባለሙያ በሥራ ያካበተው አጠቃላይ ችሎታ የራሱ ነው፤ ይዞት ቢሄድ የሚጠይቀው የለም። ሰነዱና ምስጢሩ ግን ከኋላ ይቀራሉ።

ታዲያ በቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይወራል? ብዙ ነገር ይወራል። በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ እንደሠራህ፣ ስንት ሆናችሁ እንደሠራችሁ፣ የገጠማችሁ ችግር ምን ዓይነት እንደነበር፣ አንተ የትኛውን መንገድ መርጠህ ሌላውን ለምን እንደተውክ ብትናገር ማንም አይጎዳም። የደንበኞች ስም፣ ገና ያልወጣ አገልግሎት፣ የይለፍ ቃል አጠባበቅና ያልተደፈነ ቀዳዳ ግን አይነገሩም። በተለይ የባንክ ሲሆን፣ በአንድ ሰው አንደበት የወጣ ቀዳዳ የሺዎችን ገንዘብ ሊያስወስድ ይችላል።

አንዳንዱ ጠያቂ ሆን ብሎ የተፎካካሪውን ጓዳ ሊሰልል ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ አመልካቹ ምስጢር መጠበቁን ሊፈትን ይጠይቃል። ከወንበሩ ማዶ ለተቀመጠው ሁለቱን መለየት ይከብዳል፤ ደግነቱ መልሱ አንድ ነው፦ «ይህን ዝርዝር ለመናገር አልችልም፤ ተመሳሳይ ችግር ስጡኝና እዚሁ ልሥራው።» በዚህ የሚቆጣ ቀጣሪ ካለ፣ በእኔ እምነት፣ የገዛ ሠራተኞቹንም ነገ እንዲህ ነው የሚይዛቸው።

ወጣቱ ከዚያ በኋላ በትርፍ ሰዓቱ፣ በራሱ ኮምፒዩተር፣ የእናቱን የሠፈር እቁብ መዝገብ የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፈ። አስቀድሞ ግን የቅጥር ውሉን አውጥቶ አነበበ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራውንም የእኔ ነው የሚል ቀጣሪ አለና። ኮዱን ማንም ሊያየው በሚችልበት በጊትሀብ ላይ አኖረው። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ስለ ባንኩ ሲጠየቅ ዝርዝሩን እንደማይናገር ገለጸና እቁቡን ከፍቶ አሳየ። ጠያቂዎቹ አንድ አባል በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቢከፍል ምን እንደሚሆን ጠየቁት። ሞከረው፤ ፕሮግራሙ ተሳሳተ። እዚያው ፊታቸው አርባ ደቂቃ ፈጅቶ አስተካከለው። መልሱን እየጠበቀ ነው፤ እናቱ ግን የተስተካከለውን ለእቁብተኞቹ ማሳየት ጀምረዋል።