በእንጦጦ ምድጃ ላይ ማራገቢያ ስለ መግጠም

ከየካ ሚካኤል በላይ እስከ እንጦጦ ተረተር ድረስ በየኮረብታው ወገብ ከተሠሩት ቤቶች መካከል በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በጡብ ወይም በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ምድጃ ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም አንድ ክረምትና አንድ የጥቅምት ውርጭ ካሳለፉ በኋላ፥ እሳቱ ደምቆ እየነደደ ከወንበራቸው ጀርባ ያለው ቅዝቃዜ ግን ከቦታው አለመነቃነቁ ሲያስጨንቃቸው፥ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ መርጬ እንድገጥምላቸው ያስጠሩኛል። ጥያቄያቸው የተገባ ነው። ፊቱ ክፍት የሆነ ምድጃ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ለቤቱ የሚያስቀረው ዐሥራት ያህሉን ነው፤ የቀረው ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ያርጋል። ከዚያም አልፎ እሳቱ የሚስበው አየር ከክፍሉ የሚወሰድ ስለ ሆነ፥ በእርሱ ፋንታ በበርና በመስኮት ስንጥቅ የሚገባው የተራራ ብርድ እሳት የሌለባቸውን ክፍሎች ከቀድሞው ይልቅ ያቀዘቅዛቸዋል።

ይሁን እንጂ ማራገቢያው የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ማስተዋል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የአንጥረኛውን ወናፍ እያሰበ ነፋሱ ወደ ፍሙ የሚነፋ ይመስለዋል። ወናፍ እሳትን ያነሣሣል፥ ማገዶውንም ቶሎ ይፈጀዋል፤ የምድጃ ማራገቢያ ግን እሳቱን አይነካውም። ሥራው በእሳቱ ሣጥንና በውጭኛው ቅርፊት መካከል በተተወው ባዶ ቦታ፥ የክፍሉን ቀዝቃዛ አየር ከታች አስገብቶ፥ በጋለው ብረት ጀርባና ጣራ ላይ አሳልፎ፥ ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ቤተ ሰቡ መመለስ ነው። አበው ሊቃውንት ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ እሳትና ነፋስ በውዕየት ይስማማሉ ይላሉ፤ በእኛ ሙያ ደግሞ ሁለቱ እየተስማሙ ሳይቀላቀሉ በአንድ ላሜራ ተለያይተው እንዲኖሩ ማድረግ የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው። ስለዚህ ድርብ ግድግዳ የሌለው ተራ የጡብ ምድጃ ለማራገቢያ አይመችም፤ ከወፍራም ላሜራ የተበየደ ባለ ድርብ ግድግዳ ሣጥን አስቀድሞ ሊገባለት ይገባል። ይህ ወጪ ከማራገቢያው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ለባለቤቱ መንገር ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ሳይነግሩ ማራገቢያውን ብቻ ሰክቶ መሄድ ለባለሙያ ነውር ነው።

ምርጫውን በእንጦጦ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚያከብደው የአየሩ መሳሳት ነው። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ከፍታ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ዳርቻ ከሚመዝነው በመቶ 70 ያህሉን ነው። ፋብሪካው ማራገቢያውን የሚለካው በሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ሲሆን፥ ሙቀትን የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። በሰዓት 200 ሜትር ኪዩብ አየር በ30 ዲግሪ አሙቆ የሚልክ ማራገቢያ በባሕር ዳርቻ ላለ ቤት 2 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ሲያደርስ፥ ያው ራሱ እዚህ 1.4 ኪሎዋት ያህል ብቻ ያደርሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በተለምዶ የሚመጠኑት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ አየር ነውና፥ ስስ አየር ሞተሩን ራሱን እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም። በዚህ ምክንያት ለክፍሉ ይበቃል ተብሎ ከተጻፈው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን፥ ፍጥነቱም የሚቀነስና የሚጨመረውን መርጦ በመካከለኛ ፍጥነት ማሠራት ይሻላል፤ ድምፁ ዝግ ይላል፥ ኩሽኔታውም ዕድሜ ያገኛል።

ሌላው ፈተና ከባሕር ማዶ በሻንጣ የሚመጣው ዕቃ ነው። በየካ ተዳፋት ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ማራገቢያ ከነማሸጊያው አቅርበውልኝ፥ «እማማ፥ ይህ ለአገራችን መብራት የተሠራ አይደለም» ብላቸው፥ «ልጄ በፍቅር የላከችልኝን እንዴት አይሆንም ብዬ ልንገራት?» አሉኝ። ያ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና በሴኮንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነበር፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ምልልሱን አይለውጥም፤ ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ከተወሰነለት ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይዞራል፥ ያጉረመርማል፥ ይግላልም። ለሴትየዋ የነገርኋቸው ይህንኑ ነው፤ ለሚልኩ ልጆች ሁሉም የምለው፥ ከመክፈላችሁ በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ ነው።

በአገጣጠሙ ላይ ብዙ አልዘገይም። ሞተሩ ከሣጥኑ ሥር፥ የእሳቱ ግለት በቀጥታ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጣል፤ ሽቦው ሙቀት በሚችል ሽፋን ይለበጣል፥ የመሬት መስመሩም አይታለፍም። ሙቀት ለይቶ የሚያበራው ማብሪያ ከሣጥኑ ብረት ጋር ተጣብቆ፥ ብረቱ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሞተሩን ያስነሣል፥ ሲቀዘቅዝም ያቆማል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ምድጃው ያለ ማራገቢያ ያለ ጉዳት መንደድ የሚችል መሆን አለበት፤ ይህን የማያሟላውን ሣጥን አልገጥምም።

ከሁሉ አብልጬ የምጠነቀቅለት የብየዳውን ስፌት ነው። የእሳቱ ሣጥን በአንድ ስፍራ ቢሰነጠቅ፥ ማራገቢያው አየሩን ወደ እሳቱ ነፍቶ ከቁጥጥር ውጭ ያነድደዋል፥ ወይም ጭሱንና ከጭሱ ጋር ያለውን ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል፤ ይህ ጋዝ በር ዘግቶ የተኛውን ቤተ ሰብ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ እሳት ከመለኮሱ በፊት፥ ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ፥ ማራገቢያውን አስነሥቼ የበራ ጧፍ በእሳቱ ሣጥን ውስጥ በየስፌቱ አጠገብ ቀስ ብዬ አዞራለሁ፤ ነበልባሉ ዘንበል ካለ ከዚያ ስፍራ ነፋስ ያመልጣል ማለት ነውና ብየዳው እንደ ገና ይሠራል። የቸኮለ ባለቤት ይህን እንድተወው ቢለምነኝም አልተውም።

ስለ ማገዶው ሳልናገር ባልፍ ግን ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። የአፄ ምኒልክ ከተማ በእንጦጦ ራስ ላይ በነበረችበት ዘመን የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ተመናመነ፤ በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ የተራራውን ጎን ያለበሰው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህን ባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል እናቶችና እኅቶች ጎብጠው በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ወደ ከተማው ሲያወርዱ ኖረዋል። እንዲህ ባለ ድካም የመጣ ማገዶ ዘጠኝ እጁ በጭስ መውጫ ሲበን ማየት ያሳዝነኛል። አዲስ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እሳቱ ቤቱን ከማሞቁ በፊት ያንን ውኃ ማትነን አለበት፥ ያልነደደውም ጭስ በጭስ መውጫው ውስጥ ጥቁር ቅጥራን ሆኖ ይጋገራል፤ ያም ቅጥራን አንድ ቀን ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከእርጥብ እንጨት ጋር የትኛውም ማራገቢያ ቤት አያሞቅም።

እንግዲህ በእንጦጦና በየካ ተዳፋት የምትኖሩ ወገኖቼ፥ ማራገቢያ ለመግዛት ገንዘብ ከመቁጠራችሁ አስቀድሞ የጭስ መውጫችሁን አስጠርጉ፥ የምድጃችሁን ግድግዳ አስመርምሩ፥ እንጨታችሁንም ፈልጣችሁ ዝናብ በማይደርስበት፥ ነፋስ ግን በሚያገኘው ስፍራ በጋውን ሙሉ አድርቁት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤታችሁ ካልሞቀ፥ ያን ጊዜ ባለሙያ ጥሩ።