«ጉዳት የማያጣው» ተጫዋችና የደጋፊዎች ክርክር

መግቢያ

እኛ አገር እግር ኳስ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ክብ ኳስና ሁለት ጎል ነው። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል። ተጫዋቾቹም የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ አድርገው በሙሉ ኃይላቸው ይጋጫሉ። ኳርተርባክ የሚባለው ይወረውራል፣ ሪሲቨር የሚባለው ደግሞ ሮጦ ይቀበላል። ሪሲቨሩ ዓይኑ ኳሱ ላይ ስለሆነ የሚመታው ሰው ከየት እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ አያይም።

ታዲያ አንድ ወጣት ሪሲቨር በተደጋጋሚ ሲጎዳ ደጋፊዎች «ይሄ ልጅ ጉዳት አያጣውም» ይላሉ። ቀጥሎም «ክለቡ ሲመርጠው ተሳስቷል» ወደሚለው ይሻገራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሁለት ነገሮች ለየብቻ መታየት ያለባቸው ጥያቄዎች መሆናቸውን በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ማስረዳት ነው።

ድራፍት ምንድን ነው?

ኤን.ኤፍ.ኤል. የሚባለው ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። ቡድኖቹ በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በሰባት ዙር ይመርጣሉ፤ ይህ ምርጫ ድራፍት ይባላል። ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይሆናል። ተራ መለዋወጥም ይፈቀዳል። በአንድ ዓመት ለአንድ ቡድን የተመረጡት ልጆች በጠቅላላ የዚያ ዓመት «ክላስ» ይባላሉ። ደጋፊ የአንደኛውን ዙር ልጅ ስም በቃሉ ይይዛል፤ የአምስተኛውን ዙር ግን ማን ያስታውሳል?

የኬቨን ዋይት ጉዳይ

ቺካጎ ቤርስ እ.ኤ.አ. በ2014 የውድድር ዘመን 5 ጨዋታ አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በመጋቢት 2015 ደግሞ ዋና ሪሲቨሩን ብራንደን ማርሻልን ለኒውዮርክ ጄትስ ሰጠ። ስለዚህ በዚያው ዓመት እዚያው ቺካጎ ከተማ በተካሄደው ድራፍት በ7ኛ ተራ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲውን ኬቨን ዋይትን መረጠ። ልጁ በ2014 በኮሌጅ 109 ኳስ ተቀብሎ 1,447 ያርድ ሄዷል። 40 ያርድ (37 ሜትር ገደማ) በ4.35 ሰከንድ ሮጧል። በዚያን ጊዜ ምርጫው እንግዳ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በ2015 የግራ ቅልጥሙ አጥንት በተደጋጋሚ ጫና ምክንያት ተሰንጥቆ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም። በ2016 በአራተኛው ጨዋታ በዚያው እግሩ ፊቡላ የሚባለው ቀጭኑ አጥንት ተሰበረ። በ2017 ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ ከትከሻው ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ተሰበረ። በ2018 ጤናው ቢመለስም በ9 ጨዋታ የተቀበለው 4 ኳስ ብቻ ነበር። በጠቅላላው በአራት ዓመት 14 ጨዋታ፣ 25 ኳስ፣ 285 ያርድ፣ ታችዳውን ግን አንድም የለም።

«ጉዳት የማያጣው» ማለት ምን ማለት ነው?

በዚህ ላይ ደጋፊ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ሰውነቱ ደካማ ነው» ይላል። ሌላው «ዕድሉ ነው እንጂ እሱ ምን ያድርግ» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። አንድ ጊዜ የተጎዳ አካል እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከፍ እንደሚል በስፖርት ሕክምና የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዳቶች በአንድ እግር ላይ መድረሳቸውም ጥያቄ ያስነሳል። ሦስተኛው ግን ትከሻ ነው። የቅልጥም መሰንጠቅ ቀስ በቀስ ይመጣል፣ የትከሻ አጥንት ግን በአንድ ምት ይሰበራል። ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ «ልጁ እንዲህ ነው» ማለት ምክንያት መስጠት አይደለም፤ የሆነውን ነገር መልሶ መናገር ነው።

ከዚያው ከ2015 ድራፍት ሌሎችን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ3ኛ ተራ በጃክሰንቪል ጃጓርስ የተመረጠው ዳንቴ ፋውለር ገና በመጀመሪያው የልምምድ ቀን የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ እሱም 2015ን ሙሉ አልተጫወተም። በ2016 ግን 16ቱንም ጨዋታ ተሰልፏል። ስቴፎን ዲግስ ደግሞ በ2013 በኮሌጅ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ በ2014 ኩላሊቱ ተጎድቷል። ሚኒሶታ ቫይኪንግስ የወሰደው በአምስተኛው ዙር በ146ኛ ተራ ነው። ይኸው ልጅ በ2020 ለቡፋሎ ቢልስ ሲጫወት 127 ኳስ ተቀብሎ በሊጉ አንደኛ ወጣ። እንግዲህ ያኔ ቁጭ ብሎ የትኛው ጉዳት እንደሚደገም፣ የትኛው እንደሚያልፍ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ማን ነበር? በኋላ «እኔ ብዬ ነበር» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ክላሱ እንዴት ይመዘን?

ቤርስ በ2015 የመረጠው ስድስት ተጫዋች ነው። የዋይት ነገር ስላልሆነ ብቻ «ክላሱ በሙሉ ከሰረ» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በሁለተኛው ዙር የተመረጠው ኤዲ ጎልድማን በመከላከያው መሐል ዋና ተሰላፊ ሆነ። በአምስተኛው ዙር በ142ኛ ተራ የተመረጠው ኤድሪያን ኤሞስ በመጀመሪያ ዓመቱ 16ቱንም ጨዋታ ከመጀመሪያው ተሰልፏል። ሁለቱም በ2018 ከሊጉ ሁሉ ያነሰ ነጥብ (283) በተቆጠረበት መከላከያ ውስጥ ነበሩ፤ ቡድኑም 12 ጨዋታ አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ። በእርግጥ 7ኛ ተራን የሚያህል ውድ ዕድል ያለ ፍሬ መቅረቱ ትልቅ ኪሳራ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ኪሳራ ሁሉ የአመራረጥ ስህተት አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው የምንረዳው፣ ምርጫን መመዘን ያለብን መራጩ በዚያን ቀን በነበረው መረጃ፣ ክላስን ደግሞ ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት ጠብቀን በሁሉም ልጆች መሆኑን ነው። ጉዳትን በተመለከተም የትኛው አካል፣ በምን ምክንያት፣ ስንት ጊዜ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለደጋፊ ክርክሩ ጨዋታ ነው፤ ሰኞ ተከራክሮ ማክሰኞ ይረሳዋል። ለተጫዋቹ ግን እንጀራው ነው፤ «ጉዳት አያጣውም» የሚለው ስም ሌላ ክለብ ሥራ ሲጠይቅ ቀድሞት ይደርሳል። በ22 ዓመቱ ለተመረጠ ልጅ ይህን ስም ከማውጣታችን በፊት «ምርጫው አልሰመረም» ማለት ይበቃል፤ እውነቱም እስከዚያ ድረስ ነው።