ሦስት ሽንት ቤቶች የቀየሩት ሕግ

ጎልበርን ከሲድኒ 200 ኪሎ ሜትር ግድም የምትርቅ የአውስትራሊያ ከተማ ናት። በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባለሥልጣናት በከተማዋ ላለ አንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት ተጨማሪ ሽንት ቤት እንዲሠራ አዘዙ። ትምህርት ቤቱ ግን ገንዘብ አልነበረውም። ወላጆችም ተሰብስበው መከሩና አንድ ውሳኔ ላይ ደረሱ፤ መንግሥት አይደግፈንም ካለ ልጆቻችንን ራሱ ተቀብሎ ያስተምርልን። በሐምሌ ወር የከተማዋ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደጅ ላይ ለምዝገባ ቆሙ። ቦታ የተገኘው ለ640ዎቹ ብቻ ነበር።

አድማው ከሳምንት አላለፈም። ቁጥሩ ግን ለአገሩ ሁሉ አንድ ነገር አሳየ፦ የግል ትምህርት ቤት ሲወድቅ ሸክሙ መንግሥት ትከሻ ላይ ያርፋል።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለምን ያን ያህል ደኸዩ? የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት በ1880 ባወጣው ሕግ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ድጎማ አቋርጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት ያህል ያቆማቸው የገዳማውያን ሲስተሮችና ብራዘሮች ጉልበት ነው፤ ደመወዝ ሳይቀበሉ ያስተምሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የሚወለደው ልጅ በዛ፤ ከጣሊያን፣ ከማልታና ከፖላንድ የሚመጣው ስደተኛም ጎረፈ። ባንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ማጨቅ የተለመደ ሆነ። ደመወዝ የሚከፈለው መምህር መቅጠር ግድ ሲል ካዝናው አልቻለም።

ከአድማው በኋላ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ሜንዚስ በ1963ቱ ምርጫ ዘመቻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ቤተ ሙከራ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመድቡ ቃል ገቡ። ገንዘቡ የመንግሥት፣ የግል ሳይባል ለሁሉም ነበር። ሜንዚስ ራሳቸው ፕሮቴስታንት ቢሆኑም የካቶሊኩን ድምፅ ፈልገው ነበር። ቃላቸው በ1964 ሕግ ሆነ። ከ1970 ጀምሮ ደግሞ ድጎማው በተማሪ ቁጥር መታሰብ ጀመረ፤ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ 35 ዶላር፣ ለሁለተኛ ደረጃ 50 ዶላር።

እዚህ ላይ ስህተት ነበረ። የሀብታም ልጅ የሚማርበትም ጣሪያው የሚያፈስም ትምህርት ቤት እኩል ይቀበል ነበር። በፒተር ካርሜል የተመራው ኮሚቴ በ1973 ድጎማ በችግር መጠን ይሰጥ የሚል ሐሳብ ያቀረበው ለዚህ ነው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ውሳኔ ነው፤ ለተቸገረ እንርዳ ከተባለ ማን ምን ያህል እንደተቸገረ መለካት ይገባል።

አሁን ልኬታው እንዴት ይሠራል? በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት መጀመሪያ አንድን ተማሪ ለማስተማር የሚያስፈልገው ወጪ ይተመናል። ተማሪው በግል ትምህርት ቤት ከሆነ ከዚህ መነሻ ላይ ወላጆች መክፈል ይችላሉ ተብሎ የሚገመተው ይቀነሳል። ቅናሹ ከ10 እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ድሆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት የመነሻውን 90 በመቶ ሲያገኝ፣ የባለጸጎቹ 20 በመቶ ብቻ ያገኛል ማለት ነው። የወላጆች አቅም ቀድሞ የሚገመተው በሚኖሩበት ሰፈር ነበር፤ በድሃ ሰፈር የሚኖር ሀብታም እንደ ድሃ ይቆጠር ነበር። ከ2020 ወዲህ ግን የወላጆች ገቢ ራሱ ከግብር መዝገብ እየታየ ነው።

በዚህ ላይ ተጨማሪ ድጎማ አለ፦ ለችግረኛ ተማሪዎች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአቦርጂናል ልጆች፣ ራቅ ላሉ ቦታዎች፣ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው። አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታም አለ፤ ለትርፍ የሚሠራ ትምህርት ቤት ይህን ገንዘብ አያገኝም። አዲስ አበባ ላይ ለባለቤቱ ትርፍ እንዲያስገኝ የተከፈተ ትምህርት ቤት በዚህ ሕግ ቢዳኝ ምንም ቢቸገር ድጎማ አያገኝም ነበር። ይህም ተገቢ ይመስለኛል፤ የግብር ከፋይ ገንዘብ የባለአክሲዮን ትርፍ መሆን የለበትም።

ስርዓቱ እንከን የለሽ አይደለም። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሕግ የተተመነላቸውን ሙሉ ገንዘብ ሳያገኙ ለዓመታት ሲቆዩ፣ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሙሉውን፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ወስደዋል። ይህን ያጠፋው ልኬታው አይደለም፤ ልኬታውን በሁሉም ላይ እኩል ያልተገበሩት መንግሥታት ናቸው።

ሜልቦርን ፉትስክሬይም ይሁን ሌላ ሰፈር ልጅ የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ ምዝገባ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁ ቅጽ እስከ ስንተኛ ክፍል ተማራችሁ፣ ሥራችሁ ምንድን ነው፣ ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዶች አፍረው ወይም ፈርተው ባዶ ይተዉታል። ለችግረኛ ተማሪዎችና እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው የሚሰጠው ተጨማሪ ድጎማ ግን የሚሰላው ከእነዚህ መልሶች ነው። ስለዚህ እውነቱን ሙሉ፤ አማርኛ ከሆነ አማርኛ በሉ።